የሐጂ ፈረጅ ጎባጣ ጣሪያ

ግንቦት ላይ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ዝናብ አስቀድሞ አያስታውቅም። ሰው ሙቀቱን እየረገመ ሲሄድ ከባሮ ወንዝ ማዶ ሰማዩ ድንገት ይጠቁራል፤ ጃንጥላ ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ የሱቆችን በረንዳ ተጠግቶ መሄድ ይወዳል። እኔ ግን ከሁለት ክረምት ወዲህ የምሄደው የመንገዱን መሐል ይዤ ነው። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ልናገርና ልለፈው።

ባለቤቴ አሸብር መሐንዲስ ነበር። በዚሁ መንገድ ላይ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከበላዩ የነበረው የፊት ግንብ ወድቆ ገደለው። የሱቁ ባለቤት በወሩ ሱቁን ሸጦ ወደ አገሩ ሄደ። የገዛው ሰው ግንቡን መልሶ አስገነባ፤ ከበፊቱ አንድ ክንድ ከፍ አድርጎ።

የፊት ግንብ ምን እንደሆነ ከሌላ አገር ሆኖ ለሚያነብ ሰው ማስረዳት ይገባኛል። የከተማችን ሱቆች ሁሉም ጣሪያቸው ቆርቆሮ ነው። ነጋዴው ግን ቆርቆሮው ከመንገድ ከታየ ሱቁ የገጠር ሱቅ የሚመስል ይመስለዋል። ስለዚህ ከበሩ በላይ በብሎኬት ግድግዳውን ያስረዝምና ቆርቆሮውን ይሸፍነዋል፤ ያስለስነዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ስሙን ያጽፍበታል። ከፊት ለሚያየው የአዲስ አበባ ሕንፃ ይመስላል። ከኋላው ግን ተዳፋቱ ቆርቆሮ ውሃውን ሁሉ ይዞ ወደዚያ ግንብ ይወርዳል፤ በቆርቆሮውና በግንቡ መካከል በተሸጎጠች ጠባብ አሸንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። ግንበኞች ይህን ግንብ ፓራፔት ይሉታል። ነጋዴዎች ግንባር ነው የሚሉት።

በ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመት ሆኖት ሳለ፣ በየመንገዱ ግንባታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊዚክስ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ሐጂ ፈረጅ ጠሩኝ።

«ወለላ ልጄ፣ መሐል መንገዱን ለመኪና ተይና ወደዚህ ነይ። ዳኛ ቸግሮናል።»

ሐጂ ፈረጅ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ከጅማ በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ሸበቱ። በነጋዴው ዘንድ እርሳቸው የሠሩትን መሥራት፣ እርሳቸው ያልነኩትን አለመንካት ልማድ ነው። አሸብር የሞተ ቀን ከሱቃቸው አንድ ጥቅል አቡጀዲ አውጥተው ያለበሱት እርሳቸው ነበሩ። ላመሰግናቸው ስሄድ ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት። ስለዚህ ሲጠሩኝ አላልፍም።

ከአሮጌው ሱቃቸው ጎን አዲስ የሱቆች ረድፍ እያሠሩ ነበር። ግድግዳው አልቆ ከአናቱ የኮንክሪት ቢም ዞሮበታል፤ የቀረው ጣሪያው ነው። ከላዩ ሰማይ ስለሆነ ሳልፈራ ገባሁ። ውስጥ ሜትር በእጁ የያዘ አጁሉን አገኘሁት። አጁሉ የጎግ ወረዳ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ የሕንፃ ሥራ ተምሮ በዲፕሎማ ተመርቆ ሲመለስ ከአሸብር ጋር አንድ ዓመት ሠርቷል። አሁን አሸብር ይቀመጥበት በነበረው ወንበር የሚቀመጠው እሱ ነው። ቢያንስ ወንበሩ ለሚገባው ሰው ደርሷል።

«እስቲ ፍረጂ» አሉኝ ሐጂ። «ይህ ልጅ ሱቄን ድንኳን ሊያደርግብኝ ነው።»

«ድንኳን አላልኩም ሐጂ። ቅስት ጣሪያ ነው ያልኩት» አለ አጁሉ። በክንዱ አየር ላይ ጉብታ ሠራ። «ጎድን ጎድን ያለው ወፈር ያለ ቆርቆሮ አለ፤ ፋብሪካው በማሽን አጉብጦ ነው የሚልከው። ከኋላ ግድግዳ ይነሣል፣ በሱቁ ላይ ጎብጦ ያልፋል፣ ከፊት በረንዳው ላይ ይወርዳል። አንድ ወጥ ነው። መሐሉ ላይ መገጣጠሚያ የለውም።»

«ጎባጣ በለው። ቅስት እያልክ አታሳምረው።»

«ጎባጣ ይሁን ሐጂ።»

«እንግዲህ በዚህ አገር ጎባጣ ጣሪያ ያለው ምንድን ነው? ወለላ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የስደተኛ ካምፕ መጋዘን ነው። የእርዳታ እህል የሚከመርበት። ሱቄን እንዲያ አድርጌ ብሠራ ሰዉ የራሽን ካርዱን ይዞ ደጄ ላይ ይሰለፋል። ሐጂ፣ የዛሬው ዱቄት ነው ዘይት ይሉኛል።»

ይህ ቀልድ የማውቀው ነው። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ይሰለፉ» አለ አጁሉ። «ሰልፍ ያለበት ሱቅ ይሸጣል።»

«ስሜንስ የት ልጻፈው? ሰማዩ ላይ?»

«ከበሩ በላይ ቢሙ አለ። እዚያ ይጻፉት። አሁን ስምዎን የጻፉበት ቦታ ላይ የሚያነበው አሞራ ብቻ ነው።»

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግን አልተሸነፉም። «ይሞቃል» አሉ። «ቆርቆሮ ነው። ከሥሩ ያለ ሰው ይቀቀላል።»

«አሁን ያለዎትም ቆርቆሮ ነው እኮ ሐጂ። የተደበቀ ቆርቆሮ ነው። ሰው በግንብዎ ይታለላል፤ ፀሐይ ግን ከላይ ስለሆነች ታየዋለች።» አጁሉ ወደ ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች አመለከተ። «ጎባጣ ሲሆን ሙቁ አየር ወደ ጉብታው ይወጣል። እዚህና እዚያ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ፣ ወንፊት ያለው መስኮት እንተዋለን። ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። አሁን ባለው ሱቅዎ ግን ሙቀቱን ኮርኒስና ግንብ ይዘውት የት ይሂድ?»

«እንጨቱስ?»

«እንጨት የለውም። ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦላሬ ብረት ነው የሚሸከመው፣ እሱም ጥቂት ነው፤ ቆርቆሮው ራሱ ስለጎበጠ ጠንካራ ነው። ምስጥ ብረት አይበላም።»

ምስጥ የሚለው ቃል ሐጂን ነካቸው። ባለፈው ዓመት የጎረቤታቸው የጣሪያ እንጨት ከውስጡ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ እንደነበር እናውቃለን። ግን ከምስጡ በፊት የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር።

«የጎሬን መንገድ ታውቀዋለህ? ያን ሁሉ ቁልቁለት? ጎብጦ የተጫነ ቆርቆሮ እዚህ ሲደርስ ተቃንቶ ነው የሚገኘው።»

«እንደ ጎድጓዳ ሳህን እርስ በርሱ ተደራርቦ ይጫናል ሐጂ። ምንም አይሆንም።»

«ዋጋውስ?»

«ቆርቆሮው ይወደዳል። እንጨቱና ኮርኒሱ ይቀራል፤ ከላይ የሚቆለለው ብሎኬትም ይቀራል። ሲደመር ያው ነው።»

እዚህ ላይ ጣልቃ ገባሁ። «ጉድለቱንም ንገራቸው» አልኩት። አሸብር ማንኛውንም ሥራ ሲያስረዳ ጉድለቱን ሳይጠየቅ ይናገር ነበር።

አጁሉ ትንሽ አሰበ። «እሺ ቲቸር። ዝናብ ሲዘንብ ይጮኻል፤ ሁለት ሰው ሱቅ ውስጥ መነጋገር አይችልም። ልኬቱን ከተሳሳትኩ እዚህ ላቃናው አልችልም፤ ከነስሕተቴ ይቀመጣል። ከቢሙ ጋር ደግሞ በደንብ በቡሎን መታሰር አለበት። በሚስማር ካሰሩት ነፋስ በበረንዳው በኩል ገብቶ ያነሣዋል።»

«አየሽ» አሉ ሐጂ። «ይበራል አለ። ከራሱ አፍ።»

«በሚስማር ካሰሩት አልኩ።»

«እዚህ አገር ሁሉም የሚታሰረው በሚስማር ነው።» ሐጂ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ቀጥለው የተናገሩትን በማስታወስ እስካሁን ያዝናሉ፤ እንዲጻፍ የፈቀዱልኝም ራሳቸው ናቸው። «ስማኝ ልጄ። እኔ ሱቅ ስሠራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። አንተ የሣር ቤት ውስጥ ተወልደህ ስለ ከተማ ቤት ታስተምረኛለህ?»

አጁሉ አልተቆጣም። ሜትሩን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«የተወለድኩበት ሣር ቤት ጣሪያው እስከ ታች ይወርዳል ሐጂ። ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። ለምን እንደዚያ እንደሚሠሩት አባቴን ጠይቄው ነበር፤ ውሃ ግድግዳውን እንዳይነካ ነው አለኝ። ከፊት ግንብ የለውም። ማንንም ገድሎ አያውቅም።»

ሁለቱም ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ። ሰዎች እንዲህ ሲጠነቀቁልኝ ከሚያሳዝነኝ ይልቅ የሚያደክመኝ ይበልጣል። ልናገር አፌን ስከፍት የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወረዱ።

በጓሮ በኩል ሮጠን ወደ አሮጌው ሱቅ ገባን። ዝናቡ ወዲያው በረታ። ከሱቁ በር ውጭ፣ በረንዳው ላይ፣ ዓሣና ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ቅርጫታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጉ ይታየናል። መንገደኞችም ተጨመሩ። ከሴቶቹ አንዷ ኛዌች ትባላለች፤ ከባሮ ዳር የሚገኝ ዓሣ አድርቃ ትሸጣለች። የሐጂ በረንዳ የቆየ ቦታዋ ነው፤ ሐጂም ደንበኛ ታመጣልኛለች ብለው ከልክለዋት አያውቁም።

«ይኸው» አሉ ሐጂ በእርካታ፣ እጃቸውን ወደ በረንዳው ዘርግተው። «የኔም ግንባር ሰው ያስጠልላል። ለዚህ ፋብሪካ አልሄድኩም።»

አጁሉ የሚያየው በረንዳውን ሳይሆን ከበሩ በላይ ያለውን ኮርኒስ ነበር። እርጥበት ቡናማ ክብ ሠርቶበታል። ክቡ እያየነው ሰፋ፤ ከመሐሉም ውሃ ጠብ ማለት ጀመረ። ሐጂ ከሥሩ የነበረውን የካኪ ጥቅል ጎትተው ባልዲ ተኩ። ባልዲው የት እንደሚቀመጥ ሳያስቡ ማወቃቸውን ልብ አልኩ።

«አሸንዳውን ማን ነው የሚጠርገው?» አለ አጁሉ።

«ፓል ነበር። ግንቦት ሳይገባ ወጥቶ የማንጎውን ቅጠል ይጠርግልኛል።»

«ዘንድሮስ?»

«ፓል አቦቦ ሄዷል። እርሻ ይዟል አሉ።»

አጁሉ በጓሮ በር ወጣ። መሰላሉ ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ሰማን። ሲመለስ ከራሱ እስከ እግሩ ውሃ ነበር፤ በእጁ የበሰበሰ የማንጎ ቅጠል ይዟል።

«አሸንዳው ሞልቷል ሐጂ። መውረጃው ተደፍኗል። ውሃው ከግንቡ ጀርባ እንደ ገንዳ ቆሟል፤ ብሎኬቱ ሁሉ ጠጥቶታል። ግንቡ ውስጥ ብረት አለ?»

«ምን ብረት?»

«ከታች ካለው ቢም ጋር የሚያስረው።»

«ሲሚንቶ አለው።»

«ሲሚንቶ ብቻ ከሆነ ተደርድሮ ነው የቆመው ማለት ነው። ሰዎቹ ከበረንዳው ይነሡ።»

ሐጂ ፊታቸው ተለወጠ። ከፍርሃት ይልቅ ንዴት ነበር። «ይህ ግንብ ልጆቼ ሳይወለዱ የቆመ ነው። በዝናብ መሐል ሰው ከደጄ ላባርር? ነገ ከተማው ምን ይለኛል?»

አጁሉ አየኝ። እኔ በሩን አየሁ። ከበሩ እስከ ኛዌች ያለው ቦታ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሁሉም ግን ከግንቡ ሥር ነው። ወጣሁ።

«ኛዌች፣ ተነሡ፤ ወደ ውስጥ ግቡ» አልኩ።

«ለምን ቲቸር? እዚህ ደረቅ ነው።»

«ግንቡ ውሃ ይዟል።»

ቀና ብላ አየችው። «ግንብ ሁልጊዜ አለ። እኔ ዝናብ አልፈራም። ዝናብ የሚፈራው ደረቅ ዓሣ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ብስክሌቱን ተደግፎ የቆመው የመሥሪያ ቤት ተላላኪ ወንዳፍራሽም አብሯቸው ሳቀ። «ቲቸር ዛሬ ጎዳናውን ትታ ከእኛ ጋር ተጠለለች» አለ። ክፋት አልነበረውም።

ወደ ላይ አላየሁም። ከኛዌች ቅርጫት አጠገብ ሄጄ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ቆምኩ። «እናንተ እስክትገቡ ድረስ እኔም እዚህ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ቀጥ ያለ ነበር።

ኛዌች ሳቋን አቆመች። ፊቴን ትንሽ ስታጠና ቆይታ በቋንቋዋ ለሴቶቹ አንድ ነገር አለቻቸው። ከተናገረችው ውስጥ የለየሁት የባለቤቴን ስም ብቻ ነው። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አነሡ፤ መንገደኞቹም ተከተሏቸው። ወንዳፍራሽ ራሱን እየነቀነቀ ብስክሌቱን ይዞ ወደ ዝናቡ ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ጨርቁና ዓሣው ተቀላቀለ። «ከነጩ ጨርቅ ራቅ አድርጉት» አሉ ሐጂ፤ ማንም አልሰማቸውም። ሴቶቹ በባንኮው ፊት ተደርድረው ቆሙ። ኛዌች ሰልፋቸውን አየችና፦

«ሐጂ፣ ይኸው ተሰለፍን። የዛሬው ዱቄት ነው ዘይት?» አለች።

ሐጂ አልሳቁም።

ዝናቡ ቆይቶ አባራ። ግንቡ አልወደቀም። ሴቶቹ ወጥተው ቦታቸውን መልሰው ያዙ። ወንዳፍራሽ ሸሚዙ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ በበሩ በኩል ሲያልፍ፦ «ቲቸር፣ ግንቡ ይኸው ቆሟል፤ የበሰበስኩት እኔ ነኝ» አለ። አጁሉ መሬት መሬት ያያል። የተማረ ሰው በገበያ መሐል ሲሳሳት ምን እንደሚመስል ሁላችንም ተሰማን።

«አልወደቀም ልጄ» አሉኝ ሐጂ በለስላሳ ድምፅ። ሊያጽናኑኝ ነበር።

«ያኛውም ግንብ አሸብር ከሞተበት ቀን በፊት በነበረው ቀን አልወደቀም ነበር ሐጂ» አልኳቸው።

ይህን ለማንም ለመናገር አስቤ አላውቅም። ሐጂ ወደ በርጩማቸው ሄደው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ያን ስብሰባ ታስታውሺዋለሽ?» አሉ።

አልነበርኩበትም፤ ግን አውቀዋለሁ። አሸብር ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት ክልሉ ለገበያው አዲስ የሱቅ ረድፍ ሊያሠራ አስቦ ነጋዴዎቹን ጠርቶ ነበር። ንድፉን ያቀረበው አሸብር ነው። ጣሪያው ቅስት ነበር፤ ከፊቱ ግንብ አልነበረውም። ሲጨርስ ሐጂ ፈረጅ ተነሥተው፣ እንግዲህ የራሽን ካርዳችንን ይዘን እንምጣ፣ የዛሬው ዱቄት ነው ዘይት ብለው ጠየቁ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ንድፉም በዚያው ተጠቅልሎ ቀረ።

«ቀልዱ የኔ ነበር» አሉ ሐጂ።

«የርስዎ ነበር።»

«እሱም ስቆ ነበር። አይቼዋለሁ።»

«አዎ። ቤት መጥቶ ሲነግረኝም ስቋል። ጥሩ ቀልድ ነው ሐጂ።»

ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ። «ያን የወደቀውን ግንብ እኔ አልገነባሁትም።»

«አልገነቡትም።»

«ግን ያ ሰው የኔን ግንባር አይቶ ነው የሠራው። ግንበኛውን እንኳ ከኔ ወስዶ ነው። እኔ ያን ቀን ሰዉን ባላስቅ ኖሮ…»

አሸብርን አቡጀዲውን ያለበሱትም እኚሁ ሰው ናቸው። ቀልዱንም አቡጀዲውንም አብሬ መያዝ ነበረብኝ።

«አጁሉ» አሉ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲነሡ፣ «ቅድም ስለ ሣር ቤት ያልኩህን እንዳላልኩት ቁጠረው።»

«ረስቼዋለሁ ሐጂ።»

«አልረሳኸውም። ብቻ ልኬቱን ውሰድ።»

«የአዲሱን?»

«የሁለቱንም። ይህንንም ግንባር አፈርሰዋለሁ። ቡሎኑን ግን አንተ ራስህ ቆመህ ታሳስራለህ። ከበረረ አባትህ ቤት ድረስ መጥቼ ሣሩ ውስጥ ነው የምገባው።»

«ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት» አለ አጁሉ።

በማግስቱ በረንዳው በገመድ ተከለለ። ግንቡ ሲፈርስ ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር፤ እኔም መንገዱ መሐል ቆሜ አየሁ። የግራና የቀኙ ጥግ ጠንካራ ነበር፤ ግንበኞቹ በመዶሻ ሲደበድቡት ዋሉ። ስም የተጻፈበት መሐሉ ግን በአንድ ጣውላ ሲገፋ እንዳለ ወደ ውስጥ ወደቀ። ከወደቀው ብሎኬት ውስጥ ውሃ ፈሰሰ። ሐጂ ያንን አይተው በጓሮ በኩል ወደ ሱቃቸው ገቡና በሩን ዘጉ።

ቆርቆሮው ክረምቱ ሳይጠና መጣ፤ ተቃንቶም አልመጣም። ከሐጂ ፈረጅ ሱቅ ያየሁትን፣ ቤት የምታሠሩ ሰዎች እንድታስቡበት እጽፈዋለሁ። ጎባጣው ጣሪያ ውሃውን በራሱ ላይ አያሳድርም፤ ከበረንዳው ውጭ ወደ ተቆፈረለት ቦይ ይጥለዋል። የተደበቀ አሸንዳ ስለሌለው የሚደፈን ነገር የለም፤ የማንጎውን ቅጠል ዝናቡ ራሱ ያወርደዋል። እንጨት ስለሌለው ምስጥ የለም። ሙቀቱ በሁለቱ ጫፍ ስለሚወጣ ሐጂ ቀትር ላይ ሱቁን ዘግተው ወደ ቤት መሄድ ትተዋል። ጨርቅ አልበሰበሰባቸውም። ከሁሉ በላይ ከሰው ራስ በላይ የተቆለለ ነገር የለም። በዝናብ ጊዜ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሐጂ ከደንበኛ ጋር በጣታቸው ነው የሚከራከሩት። አጁሉ ይህንን ጉድለት አልደበቀም፤ እኔም አልደብቅም።

የፈሩትም ደርሶባቸዋል። ከተማው ቤቱን «መጋዘኑ» ይለዋል። ሐጂ መጀመሪያ ይከፋቸው ነበር፤ አሁን መጋዘኑ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ገጠሬ ሲመጣ ራሳቸው እጅ ያወጣሉ።

ሌሎቹ ነጋዴዎችም ተከተሉ፤ ሐጂ የሠሩትን መሥራት ልማድ ነውና። ወደ አቦቦ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዱ የሐጂን የመሰለ ጎባጣ ጣሪያ አስመጣ። ጣሪያው ካለቀ በኋላ ጎባጣነቱ ከመንገድ እንዳይታይ ብሎ ከፊቱ ረጅም ግንብ አስገነባ። አጁሉ ሄዶ ግንቡን አፍርሰው ብሎ ቢለምነው፣ «ሐጂ ያደረጉትን አድርጌያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለው። አሸብር ቢኖር ይስቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በሚቀጥለው ግንቦት፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ሐጂ ከበረንዳቸው ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ከጩኸቱ የተነሣ የሚሉት አይሰማም። መንገዱን ትቼ ከጎባጣው ሥር ገባሁ። ኛዌች ቅርጫቷን ጠጋ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ። ውሃው ከጣሪያው ጫፍ፣ ከፊታችን፣ ቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ማንም ወደ ላይ አያይም፤ እኔም አላየሁም።

ከመንገዱ ማዶ ያ አሸብር ላይ በወደቀው ፈንታ መልሶ የተገነባው ግንብ ነበር። አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከሥሩ ሰዎች ተጠልለዋል፤ ብስክሌቱን የተደገፈው ወንዳፍራሽ መሆኑን ከዚህ ሆኜ ለየሁት። ዝናቡ ፋታ እስኪሰጥ ጠበቅሁና ወደዚህ ኑ ብዬ ጠራኋቸው። ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ተሻገሩ። ሌሎቹ አልተንቀሳቀሱም። ወንዳፍራሽ እጁን አነሣልኝ።

«ደህና ነን ቲቸር» አለ። «እዚህም ደረቅ ነው።»